የብሃራቲ ክርሽና ቲርታ ሕይወትና «የቬዳ ሒሳብ» ትምህርታዊ ፋይዳ

መግቢያ

በ1965 የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቬዳ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመ። ደራሲው ከአምስት ዓመት በፊት ያረፉት የሂንዱ መነኩሴ ብሃራቲ ክርሽና ቲርታ ናቸው። መጽሐፉ 16 ዋና ዋናና 13 ንዑሳን ቀመሮችን በሳንስክሪት ቋንቋ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ቀመር ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። ደራሲው እንደሚሉት ቀመሮቹ የተገኙት ከሕንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከቬዳዎች ነው። በእነርሱ የሚመራ ሰውም ረጃጅም የማባዛትና የማካፈል ሥራዎችን ያለ ብዙ ጽሕፈት በአእምሮው ሊፈጽም ይችላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ትምህርቱ በሕንድና ከሕንድ ውጭም፣ በተለይ በእንግሊዝ አገር፣ ተከታዮችን አፍርቷል። በዚያው ልክ ከሒሳብ ሊቃውንትና ከሒሳብ ታሪክ ተመራማሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ቀመሮቹ በእርግጥ ከቬዳዎች የመጡ ናቸው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለተማሪ ይጠቅማሉ ወይ የሚል ነው። ብዙዎች ሁለቱን አንድ ላይ ያስሯቸዋል። ደጋፊው ጥንታዊ ስለሆነ ይጠቅማል ሲል፣ ነቃፊው ጥንታዊ ስላልሆነ አይጠቅምም ወደሚል ድምዳሜ ያዘነብላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወት በመከተል ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው መታየት እንደሚገባቸው ያሳያል። የጽሑፉ መከራከሪያ የቀመሮቹ ምንጭ መፈለግ ያለበት በደራሲው የትምህርትና የማስተማር ሕይወት ውስጥ ነው፤ ትምህርታዊ ዋጋቸውም የሚመዘነው ተማሪው ምክንያታቸውን መርምሮ ለማረጋገጥ በመቻሉ እንጂ በዕድሜያቸው አይደለም የሚል ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ስለ ደራሲው የግል ሕይወት የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ደቀ መዝሙራቸው ማንጁላ ትሪቬዲ በመጽሐፉ ውስጥ ካሰፈሩት የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ ምንጭ በአክብሮትና በፍቅር የተጻፈ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።

ትውልድና ትምህርት

ብሃራቲ ክርሽና ቲርታ ከመመንኮሳቸው በፊት ቬንካታራማን ሻስትሪ ይባሉ ነበር። በመጋቢት 1884 በደቡብ ሕንድ ከታሚል ብራህማን ቤተሰብ ተወለዱ፤ ያደጉትም በቲሩኔልቬሊ ነው። አባታቸው በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሥር የወረዳ ሹም የነበሩና በኋላም ወደ ከፍተኛ የአስተዳደር ማዕረግ የደረሱ ሰው ነበሩ። አጎታቸው በቪዚያናጋራም የማሃራጃ ኮሌጅ ርእሰ መምህር፣ ቅድመ አያታቸውም በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ እንደነበሩ የሕይወት ታሪካቸው ይገልጻል።

በዚህ ቤት ሁለት የትምህርት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አንደኛው የብራህማኖች ጥንታዊ ትምህርት ሲሆን፣ ዋና መሣሪያው ቃልና ትዝታ ነው። ተማሪው ሱትራ የሚባሉትን እጅግ አጫጭር ቃላት በቃሉ ያጠናል፤ ትርጓሜውን ከመምህሩ ይሰማል። ሱትራ በሳንስክሪት ክር ማለት ሲሆን፣ ሰፊ ዕውቀት በቀጭን ቃል ታስሮ እንዲያዝ የሚያደርግ የአጻጻፍ ስልት ነው። የጥንቱ ሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ የሳንስክሪትን ሰዋስው በ4000 ገደማ ሱትራዎች አጠቃሎ ማስቀመጡ የዚህ ስልት ከፍተኛ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ሥርዓት የቅኝ ገዥው ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በመማሪያ መጻሕፍትና በጽሑፍ ፈተና ላይ የተመሠረተ ነበር።

ወጣቱ ቬንካታራማን በሁለቱም ጎበዝ ነበሩ። በቲሩቺራፓሊና በቲሩኔልቬሊ ከሚገኙ ኮሌጆች ተምረው በ1899 መጀመሪያ ላይ የማድራስ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና በአንደኝነት እንዳለፉ ተጽፏል። በዚያው ዓመት የማድራስ የሳንስክሪት ማኅበር በሳንስክሪት ንግግር ችሎታቸው ተደንቆ በዕውቀት አምላክ ስም «ሳራስዋቲ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው፤ ዕድሜያቸው ገና 15 ነበር። በ1902 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም መቀመጫው በአሜሪካ ሮቸስተር የነበረ አንድ ኮሌጅ በቦምቤይ ማዕከሉ የሚሰጠውን የማስተርስ ፈተና ወስደው፣ ሳንስክሪት፣ ፍልስፍና፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ሒሳብ በሚገኙባቸው ሰባት የትምህርት ዓይነቶች እንዳለፉ ደቀ መዝሙራቸው ጽፈዋል። የማዕረጎቹ ዝርዝር ምንም ያህል የተጋነነ ቢሆን፣ ሰውየው ሱትራን በቃላቸው ያጠኑ፣ አልጀብራን፣ ጂኦሜትሪንና ካልኩለስን ደግሞ በጊዜው ኮሌጅ የተማሩ መሆናቸው አያከራክርም። ይህ ጥምረት በኋላ ለሚጻፈው መጽሐፍ ቁልፍ ነው።

ከመምህርነት ወደ ምንኩስና

በ1905 የቤንጋል ክፍለ አገር መከፈሉ በሕንድ ታላቅ ቁጣን አስነሣ። ከቁጣው ከተወለዱት እንቅስቃሴዎች አንዱ የብሔራዊ ትምህርት እንቅስቃሴ ነው። ዓላማው ሕንዳውያን በራሳቸው ገንዘብና መምህራን፣ ከቅኝ አስተዳደሩ ቁጥጥር ውጭ የሆኑ ትምህርት ቤቶችንና ኮሌጆችን ማቋቋም ነበር። ቬንካታራማን በዚህ ጊዜ ከታዋቂው የፖለቲካ ሰው ከጎፓል ክርሽና ጎካሌ ሥር ሆነው ለብሔራዊ ትምህርትና በደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ሕንዳውያን ጉዳይ ሠሩ።

ይሁን እንጂ ልባቸው ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ያደላ ነበር። በ1908 በማይሶር ግዛት ወደሚገኘው ወደ ስሪንጌሪ ገዳም ሄደው በገዳሙ አለቃ ሥር መማር ጀመሩ። ብዙ ሳይቆዩ ግን የብሔራዊ እንቅስቃሴው መሪዎች በራጃሙንድሪ ለተከፈተው አዲስ ብሔራዊ ኮሌጅ የመጀመሪያው ርእሰ መምህር እንዲሆኑ ጠየቋቸው። ለሦስት ዓመታት ያህል ኮሌጁን መሩ። በ1911 ግን ኃላፊነቱን ትተው ወደ ስሪንጌሪ ተመለሱ።

ቀጣዮቹን ስምንት ዓመታት ገደማ ያሳለፉት በቬዳንታ ፍልስፍና ጥናትና በገዳሙ አቅራቢያ ባለው ጫካ በተመስጦ ነው። እንደ ተከታዮቻቸው ትረካ ከሆነ 16ቱ የሒሳብ ቀመሮች የተገለጹላቸው በዚህ ዘመን ነው። አትሃርቫ ቬዳ በሚባለው አራተኛው ቬዳ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ሌሎች ሊቃውንት ትርጉም አልባ ናቸው ብለው የተዉአቸውን ቃላት ለረጅም ጊዜ ሲያሰላስሉ ቆይተው ምሥጢራቸውን እንዳገኙ ይነገራል።

በ1919 በቫራናሲ መነኮሱ፤ ብሃራቲ ክርሽና ቲርታ የሚለውንም ስም ተቀበሉ። በ1921 በምዕራብ ሕንድ የሻራዳ መንበር ሻንካራቻርያ ሆነው ተሾሙ። ሻንካራቻርያ የሚለው ማዕረግ ጥንታዊው ፈላስፋ ሻንካራ በሕንድ አራት ማዕዘናት አቋቁሟቸዋል ለሚባሉት ገዳማት አለቆች የሚሰጥ ሲሆን፣ ከሂንዱ ሃይማኖት ከፍተኛ የክብር ቦታዎች አንዱ ነው። በ1925 ደግሞ በምሥራቅ ሕንድ ወደሚገኘው ወደ ፑሪ ጎቫርድሃን ገዳም ተዛውረው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያ መንበር ቆዩ።

የካራቺ ችሎት

የሻራዳን መንበር በያዙበት ዓመት የተፈጸመ አንድ ድርጊት የሰውየውን ጠባይ በጉልህ ያሳያል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕንድ ሙስሊሞች የኦቶማን ኸሊፋነት እንዳይፈርስ ይታገሉ ነበር። በሐምሌ 1921 በካራቺ በተደረገው የኪላፋት ጉባኤ ላይ ሙስሊም የሆነ ሰው በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ማገልገሉ በሃይማኖቱ የተከለከለ ነው የሚል ውሳኔ ተላለፈ። መንግሥትም ወታደሮችን ከግዴታቸው ለማሳት አሢረዋል በማለት ሰባት ሰዎችን ከሰሰ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ መሐመድ ዓሊንና ሻውካት ዓሊን የመሳሰሉ የሙስሊም መሪዎች ሲሆኑ፣ ሰባተኛውና ብቸኛው ሂንዱ ብሃራቲ ክርሽና ነበሩ። ስድስቱ የሁለት ዓመት ጽኑ እስራት ሲፈረድባቸው እሳቸው በነጻ ተለቀቁ።

ይህ ታሪክ ከሒሳብ የራቀ ቢመስልም ለክርክሩ ጠቃሚ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት የቬዳ ሒሳብ ከሂንዱ ብሔርተኝነት ጋር እየተቆራኘ ሄዷል። ደራሲው ግን ስለ ሙስሊም ወገኖቻቸው ጉዳይ በአንድ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆሙ ሰው ነበሩ። የሕንድን ጥንታዊ ዕውቀት ከፍ ለማድረግ የነበራቸው ጉጉት የተወለደው በቅኝ ግዛት ሥር ከነበረ ሕዝብ ክብርን የማስመለስ ፍላጎት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ፍላጎቱ የሚከበር ቢሆንም በራሱ የታሪክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የጠፉት ጥራዞችና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ብሃራቲ ክርሽና በየከተማው እየተዘዋወሩ ሲሰብኩ ስለ ሒሳብም ያስተምሩ፣ በሰሌዳ ላይ ረጃጅም ስሌቶችን በአንድ መስመር እየሠሩ ያሳዩ ነበር። በ1953 በናግፑር ዓለምን በመንፈሳዊ መሠረት መልሶ የማነጽ ዓላማ ያለው ማኅበር አቋቋሙ። ስለ እያንዳንዱ ቀመር አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 16 ጥራዞችን እንደጻፉም ይናገሩ ነበር። ጥራዞቹ በአንድ ደቀ መዝሙራቸው ቤት እንዲጠበቁ ተሰጥተው እንደነበርና ላይመለሱ እንደጠፉ በ1950ዎቹ አጋማሽ ታወቀ። ደቀ መዛሙርቱ ሲደነግጡ እሳቸው ሁሉም በትዝታቸው እንዳለ ነግረው እንዳጽናኗቸው ተጽፏል።

በ1957፣ ከ70 ዓመት ዕድሜ በላይ ሳሉ፣ ጤናቸው ተዳክሞና ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ዛሬ በእጃችን ያለውን አንድ ጥራዝ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ከትዝታቸው ጻፉት። ይህ ለቀሩት ጥራዞች መግቢያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በዚህም ወደ ምዕራቡ ዓለም የሄዱ የመጀመሪያው ሻንካራቻርያ ሆኑ። በየካቲት 1958 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ሒሳብ ዘዴያቸው ንግግር አደረጉ። የመጽሐፉን የታይፕ ቅጂ ለኅትመት በዚያ ትተው ተመለሱ። የቀሩትን ጥራዞች ለመጻፍ ግን ዕድሜ አልበቃቸውም። በየካቲት 1960 በቦምቤይ ዐረፉ፤ ቅጂው ወደ ሕንድ የተመለሰው ከሞታቸው በኋላ ነው።

ቀመሮቹ እንዴት ይሠራሉ

ስለ ምንጫቸው ከመነጋገር በፊት ቀመሮቹ የሚሠሩትን ሥራ በሦስት ምሳሌዎች ማየት ያሻል።

የመጀመሪያው ቀመር ከፊት ካለው አሃዝ በአንድ በሚበልጠው ቁጥር መጠቀምን ያዛል። ቀላሉ አገባቡ በ5 የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ይታያል። በ35 ውስጥ ከ5 በፊት ያለው አሃዝ 3 ነው። 3 ከእርሱ በአንድ በሚበልጠው በ4 ሲባዛ 12 ይሆናል፤ ከኋላው 25 ሲጻፍ የ35 ዳግም ርቢ 1225 መሆኑ ይገኛል። ምክንያቱን በአልጀብራ ማሳየት ይቻላል። በ5 የሚያልቅ ማንኛውም ቁጥር 10ሀ + 5 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በራሱ ሲባዛም 100ሀ(ሀ + 1) + 25 ይሆናል።

ያው ቀመር 1/19ን ወደ አሥርዮሽ ለመለወጥ ያገለግላል። በ19 ውስጥ ከ9 በፊት ያለው አሃዝ 1 ስለሆነ፣ በአንድ የሚበልጠው 2 የሥራው ቁልፍ ይሆናል። በቀኝ ጫፍ 1 ተጽፎ ወደ ግራ በ2 እየተባዛ ይኬዳል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ከተጻፉ በኋላ 16 ሲመጣ 6 ተጽፎ 1 በእጅ ይያዛል። ቀጥሎ 6 በ2 ተባዝቶ የተያዘው 1 ሲደመር 13 ይሆናል፤ 3 ተጽፎ 1 ይያዛል። እንዲህ እያለ ሲቀጥል ያለማቋረጥ የሚደጋገሙት 18 አሃዞች፣ ማለትም 052631578947368421፣ ይገኛሉ። ይህም ምክንያት አለው። በተለመደው የማካፈል ሥራ ቀሪው በእያንዳንዱ እርምጃ በ10 ይባዛል። 10 በ2 ተባዝቶ ለ19 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ በ2 ማባዛት ያንኑ ጉዞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለ10፣ ለ100 ወይም ለ1000 ከሚጎድለው መነሣት ነው። 97 በ94 ሲባዛ 97 ለመቶ 3፣ 94 ደግሞ 6 ይጎድለዋል። ከ97 ላይ 6 ሲቀነስ 91፣ ሁለቱ ጉድለቶች ሲባዙ 18 ይሆናሉ፤ መልሱ 9118 ነው። ጉድለቶቹ ሀ እና ለ ቢባሉ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ብዜት 100(100 − ሀ − ለ) + ሀለ ስለሆነ ሥራው ሁልጊዜ ትክክል ነው።

ሦስተኛው ቀጥታና መስቀለኛ የማባዛት ዘዴ ነው። 23 በ41 ሲባዛ የአንድ ቤት አሃዞች 3 እና 1 ተባዝተው 3 ይሰጣሉ። አሃዞቹ በመስቀል ሲባዙና ሲደመሩ፣ 2 በ1 እና 3 በ4፣ 14 ይሆናሉ፤ 4 ተጽፎ 1 ይያዛል። የአስር ቤት አሃዞች 2 እና 4 ተባዝተው 8፣ ከተያዘው ጋር 9 ይሆናሉ፤ መልሱ 943 ነው። ይህ ዘዴ ከሌሎቹ የሚለየው ለማንኛውም ቁጥር መሥራቱ ነው፤ ሁለት ባለ ብዙ አባል የአልጀብራ ሐረጎችን ከማባዛት ሥራ ጋርም አንድ ዓይነት ነው።

የምንጭ ጥያቄ

ቀመሮቹ ከቬዳ የተገኙ ናቸው የሚለው አባባል ከመጀመሪያው ጀምሮ ችግር ነበረበት። የሉክናው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ክሪፓ ሻንካር ሹክላ እንዳስታወሱት፣ በ1950 መነኩሴው ለንግግር ወደ ሉክናው በመጡ ጊዜ የታተመውን የአትሃርቫ ቬዳ ተጨማሪ ክፍል ይዘው ቀርበው ቀመሮቹ ያሉበትን ቦታ እንዲያሳዩአቸው ጠየቋቸው። የተሰጣቸው መልስ ቀመሮቹ የሚገኙት በሌሎች ቅጂዎች ሳይሆን በመነኩሴው በራሳቸው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ነው የሚል ነበር። የመጽሐፉ ዋና አዘጋጅ ቫሱዴቫ ሻራን አግራዋላም በመቅድማቸው ቀመሮቹ በሚታወቁት ቅጂዎች እንደማይገኙ አምነው፣ ሥራው ራሱ እንደ አዲስ ተጨማሪ ክፍል ሊቆጠር እንደሚገባ ጽፈዋል።

የመጽሐፉ ይዘትም በዚያው አቅጣጫ ይመሰክራል። ስለ ተደጋጋሚ አሥርዮሽ ለመናገር በመጀመሪያ አሥርዮሻዊ ክፍልፋይ መኖር አለበት። ይህ ደግሞ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእስላሙ ዓለም ሊቃውንት፣ በ1585 ደግሞ በሲሞን ስቴቪን መጽሐፍ በአውሮፓ የተስፋፋ፣ ከቬዳዎች ዘመን እጅግ የራቀ ነገር ነው። ከዚህ በላይ መጽሐፉ ስለ ካልኩለስና ስለ አናሊቲክ ጂኦሜትሪም ያነሣል። ርእሶቹ በተርታ ሲታዩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ የማድራስ ተማሪ ከትምህርት ቤት እስከ ኮሌጅ የሚማራቸውን ርእሶች ይመስላሉ።

በቬዳዎች ዘመን ሒሳብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ሹልባ ሱትራ የሚባሉት፣ ስለ መሠዊያ አሠራር በገመድ ልኬት የሚያስተምሩት ጽሑፎች የፒታጎራስ ቲዎረም ተብሎ የሚታወቀውን እውነት ይዘዋል፤ የ2ን ዳግም ዘርም እስከ አምስት የአሥርዮሽ ቤት ትክክል በሆነ መጠን ይሰጣሉ። ከዚያም በኋላ አርያብሃታ በ499፣ ብራህማጉፕታ በ628፣ ብሃስካራ በ1150 ታላላቅ ሥራዎችን አበርክተዋል። ብራህማጉፕታ ስለ ዜሮና ስለ ኔጌቲቭ ቁጥሮች ያወጣቸው ደንቦች ብቻ እንኳ ለማንኛውም ሕዝብ ኩራት በበቁ ነበር። የቬዳ ሒሳብ ስም በገነነ ቁጥር የእነዚህ እውነተኛ ሊቃውንት ሥራ መጋረዱ የስያሜው አንዱ ጉዳት ነው።

ታዲያ ቀመሮቹ ከየት መጡ? የደራሲውን ሕይወት የተከተለ አንባቢ መልሱን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። የሳንስክሪት ንግግር ሊቅ የሆነ፣ ዕውቀትን በአጭር ሱትራ ማሰር የለመደ፣ ዘመናዊ አልጀብራን የተማረ፣ ኮሌጅ የመራና ለብሔራዊ ትምህርት የታገለ አንድ ሰው፣ በረጅም ብሕትውና ውስጥ ከቁጥር ጋር እየተጫወተ ያገኛቸውን አቋራጮች በሚያውቀው በተከበረው የአጻጻፍ ስልት አሰራቸው። አንዳንዶቹ ዘዴዎች፣ እንደ መስቀለኛው ማባዛት፣ ከእሳቸው በፊት በሕንድና በኢጣሊያ የታወቁ ነበሩ። ሰብስቦ፣ አቀነባብሮና ሰይሞ አንድ ሥርዓት ማድረግ ግን የእሳቸው ሥራ ነው። የራሳቸውን ድካም ለጥንት አባቶች መስጠታቸው በሚኖሩበት ትውፊት ዘንድ እንደ ትሕትና የሚታይ ልማድ ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪው ግን ስሕተት ሆኖ ይቀራል።

ትምህርታዊ ፋይዳ

ጉዳዩ የመጽሐፍ ቤት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኡታር ፕራዴሽ የቬዳ ሒሳብ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጻሕፍት ገባ። የታታ መሠረታዊ ምርምር ተቋም የሒሳብ ሊቅ ኤስ ጂ ዳኒ በ1993 ባወጡት ጽሑፍ የስያሜውን ታሪካዊ መሠረት አልባነትና ለሒሳብ ትምህርት ተብሎ የተጋነነውን ጥቅም ተቹ። በ2001ም በርካታ ምሁራን በጋራ መግለጫ ትምህርቱ በአገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ መካተቱን ተቃወሙ። ክርክሩ የተነሣው የተማሪ ጊዜ ውስን በመሆኑ ነው፤ ለአንዱ የተሰጠ ክፍለ ጊዜ ከሌላው የተወሰደ ነው።

ምሳሌዎቹን መሠረት አድርገን ስንመዝን የዘዴው ጥቅምና ገደብ በግልጽ ይለያል። ጥቅሙ ተማሪው ቁጥርን እንደ አሃዞች ሰልፍ ብቻ እንዳያይ ማድረጉ ነው። 97ን ለመቶ 3 የሚጎድለው ብሎ ማየት የለመደ ልጅ የቤት ዋጋን ተረድቷል፤ ከመሥራቱ በፊትም ቁጥሮቹን ይመለከታል። ገደቡ ደግሞ አብዛኞቹ ቀመሮች በተመረጡ ቁጥሮች ላይ ብቻ የሚያምሩ መሆናቸው ነው። የጉድለቱን ዘዴ 37ን በ62 ለማባዛት እንጠቀምበት ብንል ጉድለቶቹ 63 እና 38 ይሆናሉ። እነርሱን ማባዛት ከመጀመሪያው ሥራ የማይቀልል ሲሆን 2394 ይሰጣል፤ ከ37 ላይ 38 ሲቀነስ ደግሞ 1 ከዜሮ በታች ይሆናል። ስለዚህ ከ2394 ላይ 100 ተቀንሶ 2294 ይገኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ አቋራጭ የተባለው መንገድ ግን ረዝሟል።

ጥሩ መምህር ይህን ገደብ አይደብቀውም፤ እንዲያውም የትምህርቱ መነሻ ሊያደርገው ይችላል። ተማሪዎች ዘዴው ለ97 እና ለ94 ለምን ቀለለ፣ ለ37 እና ለ62 ለምን ከበደ ተብለው ሲጠየቁ፣ መልሱን ለማግኘት ወደ አልጀብራው መግባት ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ መንገድ ቀመሩ ከቁጥር ስሌት ወደ አልጀብራ የሚያሻግር ድልድይ ይሆናል። ብሃራቲ ክርሽና ራሳቸውም በመጽሐፋቸው በተለያዩ ቦታዎች የቀመሮቹን አልጀብራዊ ምክንያት አስቀምጠዋል። ብዙዎቹ የኋለኞች የሥልጠና መጻሕፍት ግን ፍጥነትን ብቻ አንግበው ምክንያቱን ጥለዋል፤ ለውድድር ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም ሌላ የሚሸመደድ ዝርዝር ብቻ ይተርፈዋል።

የጥንታዊነት ስያሜው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቀመር የተቀደሰ ነው ተብሎ ለተማሪ ሲሰጥ ለምን ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት አስቦ ያገኘው ነው ተብሎ ሲሰጥ ግን ተማሪውም አስቦ ሊያረጋግጠው፣ ሊያሻሽለው፣ ምናልባትም የራሱን ሊጨምርበት እንደሚችል ይሰማዋል።

ማጠቃለያ

ብሃራቲ ክርሽና ቲርታ በሁለት የትምህርት ዓለማት መካከል የኖሩ፣ ለአገራቸው ትምህርት ነጻነት የደከሙ፣ በእርጅናቸውም የጠፋውን ሥራቸውን ከትዝታቸው ለመመለስ የታገሉ መምህር ነበሩ። የሠሯቸው ቀመሮች ከቬዳዎች ስለመገኘታቸው እስካሁን ማስረጃ አልቀረበም፤ የመጽሐፉ ይዘትም የሚያሳየው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆኑን ነው። ይህ ድምዳሜ ደራሲውን የሚያሳንስ ሳይሆን ለጥንት አባቶች የሰጡትን የሥራቸውን ባለቤትነት የሚመልስላቸው ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት ጥናት የሚተርፈው ነገር ግልጽ ነው። የቬዳ ሒሳብን ለክፍል የሚያቀርብ መምህር ሦስት ነገሮችን አብሮ ቢያቀርብ ዘዴው ይጠቅማል፤ እነርሱም የእያንዳንዱ ቀመር ማረጋገጫ፣ ቀመሩ የማይመችበት ምሳሌና የደራሲው እውነተኛ ታሪክ ናቸው። ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶችም በዚህ መልክ የቀረበውን ትምህርት ከምክንያት ተነጥሎ ከሚሰጠው ጋር በክፍል ውስጥ ቢያነጻጽሩ፣ ስለ ፋይዳው የሚደረገው ክርክር ከእምነት ወጥቶ በማስረጃ ላይ ሊቆም ይችላል።